ባክሆ በትራክተር ሦስት ነጥብ ማያያዣ ላይ፦ ኮምቦልቻ አካባቢ የሠራበት አለ?

ቃሉ_አትክልት

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከቦርከና ብዙም ሳይርቅ ሽንኩርትና ማንጎ አለን። ከወንድሜ ጋር በጋራ የያዝነው 75 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የሌለው ማሲ ፈርጉሰን ትራክተርም አለ። የእርሻው ወቅት ካለፈ ግን ተጎታች ከመሳብ በቀር ሥራ የለውም፤ ቆሞ ጎማውን ፀሐይ ይበላዋል።

አሁን አንድ ሰው ያገለገለ ባክሆ ሊሸጥልን ነው። ሙሉው ማሽን አይደለም፤ ቆፋሪው ክፍል ብቻ ነው። በትራክተሩ ኋላ በሦስት ነጥብ ማያያዣ (በሁለቱ የታች ክንዶችና በላይኛው ዘንግ) ይንጠለጠላል፣ የራሱ መቀመጫና ማንሻዎች፣ የራሱ የዘይት ታንከር፣ በፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ በሚወጣው የሚሽከረከር ዘንግ) የሚዞር ፓምፕም አለው። ሻጩ «ሦስት ፒን ትሰካና ሥራ ትጀምራለህ» ይላል።

የምንፈልገው ከውሃ መሳቢያው እስከ ማሳው ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የቱቦ መስመር ለመቆፈር ነው። አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬም እናስባለን። ከተረፈ ከተማ ውስጥ ለሰው መጸዳጃና ሴፕቲክ ታንክ እየቆፈርን ወጪውን እንመልሳለን ብለናል። አንዳንዱ ሰው «ትራክተርህን ከወገቡ ይገነጥለዋል» እያለ ያስፈራራኛል። እውነት ነው? ደግሞስ ያገለገለ ሲገዛ ምኑ ይታያል?

ገራዶ_መስኖ

እኔም ይኸው ጥያቄ አለኝ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

የድሮ_ኦፕሬተር

ልጄ፣ የነገሩህ ሰዎች ከሜዳ ተነስተው አላወሩም። ሻጩም አልዋሸም፤ ሦስቱ ፒን ይሰካል፣ ሥራም ይጀመራል። የሚያስጨንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ይህ ማያያዣ ለማረሻ የተፈጠረ ነገር ነው። ሃሪ ፈርጉሰን የሚባለው የአየርላንድ ሰው ደክሞበት በ1939 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከፎርድ ጋር ሆኖ በብዛት ለገበያ ሲያቀርበው፣ ሐሳቡ ማረሻው ሲጎተት የሚፈጥረው ኃይል በላይኛው ዘንግ በኩል ወደ ትራክተሩ እንዲገፋና ትራክተሩ ፊቱን እንዳያነሳ ነበር። ማረሻ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎተተው። ባክሆ ግን ይጎትታል፣ ይገፋል፣ ያነሳል፣ ይጫናል፣ ወደ ጎንም ይወዛወዛል። አምስቱንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያደርግ ይችላል።

ዋናውን ነገር እዚህ ላይ ስማኝ። የትራክተርህ የታች ክንዶች ያነሳሉ እንጂ ወደ ታች አይጫኑም። ሲወርዱ በራሳቸውና በተሸከሙት ዕቃ ክብደት ነው የሚወርዱት። ጋራዥ ሄደህ አንዱን ክንድ በእጅህ ወደ ላይ ሳበው፣ ምንም ሳይከለክልህ ይነሳል። አሁን ቡሙን (ረጅሙን የቆፋሪ ክንድ) ዘርግተህ ባኬቱን (የሚቆፍረውን ማንኪያ) ደረቅ መሬት ላይ ተጫን። መሬቱ እምቢ ካለ ኃይሉ የት ይሄዳል? ባክሆው ራሱ ወደ ላይ ይነሳና ወደ ትራክተሩ ይታጠፋል። የአንተ መቀመጫ ደግሞ ባክሆው ላይ ነው፤ ከጀርባህ የትራክተሩ ፓራፋንጎና መሪ አለ። በመካከል የሚቀረው ማን እንደሆነ ራስህ አስበው። በዚህ ዓይነት መሣሪያ እንዲህ ተጨፍልቆ የሞተ ሰው አለ።

ስለዚህ «ትራክተሩ ይችላል ወይ» ከማለትህ በፊት «የታች ክንዶቹ ወደ ላይ እንዳይነሱ ምን ይዟቸዋል» በል።

ቃሉ_አትክልት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ታዲያ የማረጋጊያ እግሮቹ አይይዙትም? ሁለት እግር አለው፤ ወደ ጎን ተዘርግተው መሬት ይረግጣሉ።

የድሮ_ኦፕሬተር

እግሮቹ ወደ ታችና ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዙታል። ወደ ላይ እንዳይነሳ አይይዙትም፤ መሬት ውስጥ አልተቀበሩም።

ብየዳ_ደሴ

አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔ አለው። ደሴ ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ፤ ከትራክተር ጋር ያልታገልኩበት ዓመት የለም።

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ፣ ከታች ክንዶች ጎን ለጎን ከባክሆው ፍሬም እስከ ትራክተሩ ጠንካራ ቦታ የሚደርሱ ሁለት ደንዳና ብረቶችን በፒን አስሮ ክንዶቹ እንዳይነሱ መቆለፍ፣ የላይኛውንም ዘንግ መለወጥ ነው። ትራክተሩ ይዞት የመጣው የላይኛው ዘንግ ጥርስ ያለው፣ እየተዞረ የሚረዝምና የሚያጥር ነው፤ ለማረሻ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ጥርሱ ያልቃል ወይም ይጎብጣል። በቦታው ርዝመቱ የማይለወጥ፣ ከወፍራም ብረት የተሠራ አንድ ወጥ ዘንግ ይገባል።

ሁለተኛውና እኔ የምመክረው ተጨማሪ ሻሲ ነው። ከባክሆው ተነስተው በትራክተሩ ሆድ ሥር በግራና በቀኝ ወደ ፊት የሚዘልቁ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ከኋላ አክስሉ ሥር ይታሰሩና ፊት ለፊት ካለው የአክስል መያዣ ጋር በቡሎን ይያዛሉ። የቆፋሪው ግፊት በሙሉ በብረቱ ላይ አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። እንደ መኪና ያለ ሻሲ ትራክተርህ የለውም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ በቡሎን ተያይዘው እነሱ ራሳቸው ናቸው የጀርባ አጥንቱ። የተሠሩበት ደግሞ ሲመቱት የሚሰነጠቅ ጊዛ ብረት ነው። «ከወገቡ ይገነጥለዋል» ያሉህ ይህን ለማለት ነው። ወገቡ ፍሪሲዮኑ ያለበት ቦታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማንም ብየዳ ቤት የትራክተሩን ገላ ላይ ልበይድልህ ቢልህ ትራክተርህን ይዘህ ውጣ። ጊዛ ላይ በቀላሉ አይበየድም፣ ከተበየደም ከዳሩ ይሰነጠቃል። ማያያዣው ሁሉ በቡሎን፣ ፋብሪካው በተወልን ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው።

ቁጥር_ይቀድማል

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሌላ ነገር ልበል። የሁላችሁም ብረት፣ ፒን፣ ሻሲ ሲደመር ስንት ሊሆን ነው? የባክሆው ዋጋ፣ የሻሲው ብረት፣ የእጅ ዋጋ፣ ዘይት፣ ቱቦ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ከ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የግንባታ ማሽን በየጥጉ ነው፤ በሰዓት የሚከራይ ባክሆ ሎደር (ከፊት አካፋ፣ ከኋላ ቆፋሪ ያለው ሙሉው ማሽን) ስልክ ደውለህ ይመጣልሃል። አንተ ቀኑን ሙሉ የምትለፋበትን ቦይ ከሰዓት በፊት ጨርሶልህ ይሄዳል። ኦፕሬተሩም የራሱ፣ ናፍታውም የራሱ፣ ከተሰበረም የራሱ ነው።

ለአንድ መስመር ብላችሁ ቆፋሪ መግዛት ገንዘብ መቅበር ነው።

ቃሉ_አትክልት

ወንድሜ፣ እሱንም አስበንበታል። አንደኛ፣ የሚከራየው ሎደር ማንጎው መካከል አይገባም፤ ረድፉ ጠባብ ነው፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ብሏል። ሁለተኛ፣ ለትንሽ ሥራ ማንም አይመጣም፤ ዝቅተኛ ሰዓት ይጠይቃሉ፣ መጓጓዣም ይጨምራሉ። ሦስተኛ፣ የመስኖ ቦይ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በየበጋው ይጠረጋል፣ ይስተካከላል፣ ይዘረጋል።

ቁጥር_ይቀድማል

ሦስተኛው ነጥብህ ይገባኛል። ለሰው መጸዳጃ እየቆፈርን ወጪ እንመልሳለን ያልከውን ግን ከስሌቱ አውጣው። የዚህ ዓይነት ባክሆ የሚደርሰው ሁለት ሜትር፣ ጥሩ ከሆነ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ለሴፕቲክ ሰው ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። ግማሹን ቆፍረህ ግማሹን በአካፋ ልታስጨርስ ነው?

ዘይትና_ግፊት

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስሌቱን የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ ልግባ። የሃይድሮሊክ ባለሙያ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ ነው የምሠራው።

በመጀመሪያ ስለ ጉልበት። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ሰው የፈረስ ጉልበት ሲቆጥር አያለሁ። ቱርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናት፤ ስለዚህ የ75 ትራክተርህ እዚህ የሚሠራው 61 ገደማ ሆኖ ነው። ደሴ ብትወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ይህ ያስፈራል? አያስፈራም። ፓምፑ በደቂቃ 40 ሊትር በ170 ባር ግፊት ቢሰጥ፣ 40 በ170 ተባዝቶ ለ600 ሲካፈል 11 ኪሎዋት ይሆናል፤ 15 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። የሚባክነውን ጨምረህ 20 ብትለው እንኳ ሞተርህ ሳይሰማው ይሠራዋል። ባክሆን የሚወስነው የሞተር ጉልበት ሳይሆን የትራክተሩ ክብደትና አያያዙ ነው። ጋሼ ያሉት ትክክል ነው።

ቀጥሎ ስለ ፓምፑ። የራሱ ፓምፕና ታንከር መኖሩ ጥሩ ነገር ነው። በትራክተርህ ውስጥ ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ከካምቢዮው ዘይት ጋር አንድ ነው፤ ያገለገለ ባክሆ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ወደ ካምቢዮህ ማስገባት የለብህም። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር እንዲሆን ሞተሩን በትራክተሩ መመሪያ በተጻፈው ዙር ላይ አቁመው፤ ከዚያ በላይ አታስጩኸው። ፓምፑ በፒቲኦው ላይ ሲሰካ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው ካቴና ወይም ክንድ መኖሩን እይ። እሱ ከሌለ ወይም በሽቦ ከታሰረ፣ ፓምፑ ራሱ ይዞርና ቱቦዎቹን ጠቅልሎ ይበጥሳቸዋል።

ሻጩ ጋ ስትሄድ ይህን አድርግ። ማሽኑ ሠርቶ ዘይቱ ይሙቅ፤ በቀዝቃዛ ዘይት ያረጀ ሲሊንደርም ጥሩ ይመስላል። ቡሙን ከነሙሉ ባኬቱ አንሳና ሞተሩን አጥፋ። ባኬቱ ከመሬት ያለውን ርቀት ለካ፣ ሻይ ጠጣና ተመለስ፣ እንደገና ለካ። በጣም ከወረደ የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን ወይም የማንሻው ቤት አልቋል። የሲሊንደሮቹን ዘንግ በጣትህ ጫፍ ሳይሆን በጨርቅ አብሰህ ተመልከት፤ ጭረትና ዝገት ያለበት ዘንግ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባለትም መልሶ ይበላዋል።

ከሁሉ በላይ፦ ዘይት ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ እጅህን በቱቦው ላይ አታሂድ። መርፌ ቀዳዳ ከምታህል ክፍተት የሚወጣ ዘይት ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያምም ይችላል፣ ሰው ይንቀዋል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት፣ አንዳንዴም እጅ ይቆረጣል። ካርቶን ይዘህ ፈልግ።

ቃሉ_አትክልት

እህቴ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ወስደሽ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ማተም አለብኝ መሰል።

ገራዶ_መስኖ

እኛ ዘንድ ገራዶ ላይ መሬቱ ኮትቻ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው። ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ባኬቱ ላይ ተለጥፎ አይወርድም። በዚህ መሬት ላይ ባክሆ ይሠራል?

የድሮ_ኦፕሬተር

ይሠራል፣ ጊዜውን ካወቅህበት። ከዝናብ በኋላ መሬቱ ጠፍፎ፣ ሳይነጣ በፊት ያለች ጊዜ አለች። ገበሬ ለእርሻ የሚጠብቃት ጊዜ ናት፤ ለቁፋሮም ያችው ትሻላለች። ጭቃ ሆኖ ከገባህ የማረጋጊያ እግሩ ይሰምጣል፣ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ አድርግ። ቀጭን ጣውላ ቢሰበር ከሌለ ይብሳል።

ሁለተኛ ነገር፣ ኮትቻ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እሱ ነው የሚያታልለው። ደህና መስሎ ቆሞ ይቆይና ስንጥቁን ተከትሎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። 80 ሳንቲ ሜትር ቦይ ላይ አልጨነቅም። ከ1.2 ሜትር ካለፈ ግን ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም ዳሩ በስፋት ሳይቆረጥ ሰው አይግባበት፤ ቱቦ ለመገጣጠምም ቢሆን፣ «አንዴ ብቻ» ተብሎም ቢሆን። የወጣውን አፈር ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከጠርዙ አርቀህ ድፋ። ሰው ሰነፍ ሆኖ ጠርዙ ላይ ይከምራል፣ ያ ክምር ነው ግድግዳውን የሚገፋው።

ብየዳ_ደሴ

እኔ ደግሞ ስለ ደሴ ልናገር። እኛ ሜዳ የለንም፤ ቤቱ ሁሉ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ ነው። ወደዚህ መጥታችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ትራክተሩን ከዳገቱ ጋር አግድም አታቁሙት። ፊቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን። የሞላ ባኬት ወደ ቁልቁለቱ ጎን አታዙሩ፤ አፈሩን ወደ ዳገቱ ጎን ድፉ። ቡሙ ተዘርግቶ ባኬቱ ሲሞላ ክንድን ዘርግቶ ባልዲ ውሃ እንደማንሳት ነው፤ ትንሽ ክብደት ከሩቅ ሲሆን ብዙ ነው።

መንገዱስ? ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ዳገት ስትወጡ ባክሆው ከኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ይህ መሣሪያ ከአምስት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ትራክተሩ ፊቱ ይቀልለዋል፣ መሪውን ስታዞሩ የፊት ጎማው መሬቱን ሳይዝ ይንሸራተታል። የፊት ክብደት ብረቶች መጫን ግዴታ ነው። ቡሙን አጥፋችሁ ቆልፉት፣ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ የሚይዘውን ፒን ስኩ። ያንን ፒን ረስቶ የሄደ ሰው ኩርባ ላይ ባክሆው ወደ ጎን ወጥቶ ከኋላ የመጣውን መኪና ይመታል። ስትወርዱ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ፤ በባዶ ማርሽ ቁልቁለት መልቀቅ በሐረጎ አይሞከርም።

ቁጥር_ይቀድማል

ይኸው፣ እናንተ ራሳችሁ እየነገራችሁኝ ነው። ደሴ አይወጣም፣ ሴፕቲክ አይደርስም፣ ጭቃ አይሠራም።

ዘይትና_ግፊት

ሁሉም ማሽን ልክ አለው። ሰውየው ደሴ እወጣለሁ አላለም፤ ያለው ማንጎው መካከል ቦይ እቆፍራለሁ ነው። ለዚያ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። የሚከራየው ሎደር ሰባት፣ ስምንት ቶን ነው፤ እርሻ ላይ ሲመላለስ አፈሩን ይደፈጥጠዋል፣ የማንጎ ሥርም አይወድለትም።

ነገር ግን «ለሰው እንቆፍራለን» የሚለው ላይ ከቁጥር_ይቀድማል ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ሌላ ነው። ከተማ ውስጥ መሬት ሥር የውሃ ቱቦ፣ የስልክ ፋይበር፣ አንዳንድ ቦታም የመብራት ገመድ አለ። ባለቤቱ «እዚህ ምንም የለም» ይልሃል፤ የሚያውቀው እሱ የቀበረውን ብቻ ነው። የከተማውን ውሃና ፍሳሽ፣ ኢትዮ ቴሌኮምንና መብራት ኃይልን ሳትጠይቅ ባኬት አታስገባ፤ መስመር አለ ከተባለበት አጠገብ ደግሞ በእጅ ነው የሚቆፈረው።

ቃሉ_አትክልት

ሄጄ አየሁት። ያያችሁልኝ ያህል እንዲሆን ያገኘሁትን ልዘርዝር።

ባክሆው ራሱ መጥፎ አይደለም። አሙቀን ባኬቱን በአፈር ሞልተን አንስተን ሞተሩን አጠፋን። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የወረደው አራት ጣት ገደማ ነው። የሲሊንደሮቹ ዘንጎች ንጹሕ ናቸው፤ አንዱ ብቻ፣ የባኬቱ፣ ጭረት አለው። ወደ ጎን የሚያዞረው በሁለት ሲሊንደር ነው። ቡሙን ዘርግቼ የባኬቱን ጫፍ በእጄ ወደ ጎን ስገፋው በጣም ይላላል፤ ቡሙ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ትልቁ ፒን ቦኮላው (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል።

ያስደነገጠኝ ማያያዣው ነው። የላይኛው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ሆኗል፤ በአንድ በኩል ብረቱ ተገፍቶ ከንፈር አውጥቷል። የታች ፒኖቹ 22 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የእኛ ትራክተር ክንዶች ደግሞ ቀዳዳቸው ሰፊ ነው። ሻጩ ቱቦ ብረት ቆርጦ ክፍተቱን ሞልቶበታል። ተጨማሪ ሻሲ የለውም፤ «ምንም አያስፈልገውም፣ እኔ ያለሱ ነው የሠራሁት» አለኝ።

የእኛንም ትራክተር አየሁ፤ ብየዳ_ደሴ ያልከውን ፈርቼ ከፍሪሲዮኑ ቤት መጋጠሚያ ዙሪያ አቧራውን ጠረግሁ። በግራ በኩል ቀጭን የዘይት እርጥበት አለ። ይህ ምንድን ነው?

የድሮ_ኦፕሬተር

ማያያዣው በትራክተሩ መጠን በምድብ ይከፈላል፤ የታች ፒኑ 22 ከሆነ ባክሆው የተሠራው ለመጀመሪያው ምድብ ነው፤ ከ45 የፈረስ ጉልበት በታች ለሆነ ትንሽ ትራክተር። የአንተ ሁለተኛው ምድብ ነው፤ የታች ፒኑ 28፣ የላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ የታች ክንዶች መካከል ያለው ስፋትም አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ምድብ 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው 82 ገደማ ነው። ቱቦ ብረት ቀዳዳ ይሞላል እንጂ ስፋት አያስተካክልም። ክንዶቹ ወደ ውስጥ ተጎትተው ተሰክተው ከሆነ ባክሆው ሁልጊዜ ወደ ጎን ይጫወታል። እንቁላል የሆነው ቀዳዳም ምስክር ነው፤ ሰውየው ሲሠራበት ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመታ ኖሯል።

ብየዳ_ደሴ

እርጥበቱ ምናልባት የጓርኒሲዮን ነው፣ ምናልባትም የቡሎን መላላት ነው። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ሞክር፤ አቧራ ዘይቱን ይዞት ጥቁር መስመር ያወጣ መጋጠሚያ ካለ ሁለቱ ብረቶች ይንቀሳቀሳሉ ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ባክሆ ሳትሰቅል በፊት ይጥበቅ። ስንጥቅ ካየህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ይቁም።

ባክሆውን በተመለከተ፣ ፍሬሙ ካልተሰነጠቀ የሚድን ነገር ነው። እንቁላል የሆነውን ቀዳዳ ቆርጬ አወጣና በቶርኖ የተሠራ ወፍራም ቦኮላ እበይድበታለሁ፤ የባክሆው ፍሬም የሚበየድ ብረት ነው፣ ጊዛ አይደለም። የታች ፒኖቹን ነቅለን በ28 እንተካለን፣ ስፋቱንም ለሁለተኛው ምድብ እናስተካክለዋለን። ሻሲውን ሠርተን ካሰርነው በኋላ ደግሞ የትራክተሩ የታች ክንዶች ጭነት አይሸከሙም፤ ለመስቀልና ለማውረድ ብቻ ይሆናሉ። እንዲያውም እኔ ከሆንኩ ክንዶቹን እፈታቸዋለሁ። የትልቁ ፒን ቦኮላ ግን ያለጥርጥር ይቀየራል። እሱ ላላ ብሎ ቦይህ ቀጥ አይልም።

ቁጥር_ይቀድማል

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍና ለሻጩ አሳየው። «የእኔ ማሽን ምንም አይጎድለውም» ያለ ሰው የሚጎድለው ተዘርዝሮ ሲቀርብለት ዋጋው ይወርዳል። ልትገዛ ከሆነ ቢያንስ በልኩ ግዛ።

ቃሉ_አትክልት

ጻፍሁለት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ቀነሰ። ከሻሲውና ከቦኮላው ወጪ ግማሹን የሚሸፍን ቅናሽ ነው፤ ወንድሜ «ሌላውን ሽንኩርቱ ይከፍላል» ብሎ ተስማማ። ቡሎኖቹን ሞከርናቸው፤ በግራ በኩል ሁለቱ ላልተው ነበር፣ ጠበቁ። ስንጥቅ የለም። እርጥበቱ ግን መቆም አለመቆሙ እስኪታይ ድረስ ለሳምንት ጎተራ ስናመላልስበት እንከታተለዋለን።

ለሰው መቆፈሩን ትተነዋል። የራሳችንን መስመርና ኩሬውን ብቻ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ሥራ ላይ ሳለን ሁለተኛ ሰው የት ይቁም? ወንድሜ ቱቦውን እየተከተለኝ ሊዘረጋ ይፈልጋል።

የድሮ_ኦፕሬተር

ባኬቱ በሁለቱም ጎን በሙሉ ሲዘረጋ የሚደርስበትን ቦታ በእንጨት አጥር፣ ወንድምህ ከዚያ ውጭ ይሁን። ቱቦውን የምትዘረጉት ቁፋሮው አልቆ ማሽኑ ሲጠፋ ነው። በማሽኑና በትራክተሩ መካከልም ማንም አይቁም፤ ማንሻዎቹን መሬት ላይ ቆሞ የሚነካም አይኑር። ከመቀመጫው ካልሆነ አይሠራም። የፒቲኦው ዘንግ ሽፋን ተሰብሮ ከሆነ ሽፋን ሳይገባለት አታስነሳ፤ ጋቢና ነጠላ ለብሶ የሚቀርበውም ይመለስ።

የፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ። ቆፋሪው ሲጎትት ትራክተሩ ወደ ቦዩ ይሳባል፤ የእጅ ፍሬን ብቻውን አትመን።

ዘይትና_ግፊት

ሻሲው ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ሞተሩን ዝግ አድርጋችሁ ሥሩ። ለስላሳ መሬት ላይ ጀምሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ብረት ይቀመጣል፣ ቡሎኑ ይላላል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩት፣ 46 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ፊልትሮውንም አብራችሁ። ታንከሩን በእጅ ስትነኩት መያዝ ካቃታችሁ አቁማችሁ አቀዝቅዙት። ሁሉም ፒን ላይ በየጠዋቱ ግራሶ፤ የትልቁ ፒን መላላት የግራሶ እጦት ሳይሆን አይቀርም።

ገራዶ_መስኖ

ወንድም ቃሉ፣ ሥራ ከጀመርህ በኋላ ፎቶ ለጥፍልን። እኔ ደግሞ የኮትቻውን ጊዜ እየጠበቅሁ ነው። ብየዳ_ደሴ፣ ሻሲውን ለ50 የፈረስ ጉልበት ትራክተርም ትሠራለህ?

ብየዳ_ደሴ

እሠራለሁ፤ ብረቱ ይቀጥናል እንጂ ሥራው ያው ነው። ትራክተርህ ግን የፊት አክስል መያዣው ላይ ባዶ የቡሎን ቀዳዳዎች እንዳሉት አስቀድመህ እይ፤ ከሌሉት ሌላ ዘዴ መፈለግ አለብን።

ወንድም ቃሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ባክሆውን በጭነት መኪና ላከው፤ ላልቶ ሳለ ትራክተሩ ላይ ሰቅለህ በሐረጎ እንዳታመጣው። ትራክተሩን ለብቻው ነድተህ ና። ሆዱንም አሳጥበው፤ በጭቃ ላይ ሜትር አልዘረጋም።